ሁለተኛው አጋዘን

በእኛ ቆላ አንድ አውሬ ብቻ ገድሎ መመለስ ነውር ነበር። ይህን የማነሳው የዛሬ ሰው የአደን ወሬ ሲያወራ አዳኙን ሁሉ ሆዳም ሲያደርገው ስለምሰማ ነው። ሆዳምነት አልነበረም፤ ይሉኝታ ነበር። ይሉኝታ ደግሞ እኔ በዓይኔ እንዳየሁት ከሆድ የባሰ ይጨርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ክርስቲያን ነው። የአደን ጓደኛው ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ደግሞ እስላም ነበሩ። በዕድሜ ስለሚበልጡን እሱም እኔም «ጋሼ» እያልን አንቱ እንላቸዋለን። እስላም የባረከውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን የባረከውንም እስላም አይበላም። ይህ በይፋት የጠብ ምክንያት ሆኖ አያውቅም፤ እንዲያውም መከባበሪያችን ነው። ለፋሲካ እኛ ስናርድ ለጋሼ ቤት አንድ ፍየል ከነነፍሱ እንልካለን፤ እሳቸው ራሳቸው ይባርኩታል። ለአረፋ ደግሞ ከእሳቸው ቤት አንድ በግ በገመድ እየተጎተተ ይመጣልናል። ጫካ ውስጥም ሕጉ ያው ነው። አንድ ቀንደ ረጅም ሳላ ወድቆ ባሌ ከባረከው፣ ጋሼን ባዶ እጃቸውን እያየ እንዴት ሥጋ ተሸክሞ ይመለሳል? ሌላ ይፈለጋል። ቀድመው ጋሼ ከባረኩም «የልጆችህስ?» ይሉና ለእኛ የሚሆን እስኪገኝ ድረስ ፍንክች አይሉም። እኛም ጓዳ እነሱም ጓዳ ሥጋ እንዲገባ ሁልጊዜ ሁለት ይሞታል። የእነሱ ብቻ አመል አልነበረም፤ በዚያ አገር የተቀላቀለ የአደን ጓደኛ ሁሉ እንዲሁ ነበር።

ንጉሡ ሳሉ የዚህ ልማድ ጉዳቱ ብዙም አይታወቅም ነበር። ከሸዋ ሮቢት በታች ወደ አፋር ሜዳ የሚወርደው ጫካ የአንድ ባላባት ነበር። የባላባቱ ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዞ የገባውን በአለንጋ ያባርሩታል። ለአውሬው አዝነው አይደለም፤ ለጌቶች አደን ነበር የሚያቆዩት። አብዮቱ መጣ፣ ባላባቱ ሄደ፣ መሬቱም ጫካውም የሕዝብ ሆነ ተባለ። እልል ካሉት አንዷ እኔ ነኝ፤ ዛሬም አላፍርበትም። ግን የሕዝብ የሆነውን ጫካ ከሕዝቡ ማን እንደሚጠብቀው የጠየቀ አልነበረም። የገበሬ ማኅበሩ ለታጣቂዎች መሣሪያ አደለ፤ ባሌም ክላሽ አንግቶ ቤት ገባ። ከደብረ ሲና ብርዱን ትቶ ለአደን የሚወርድ ሰው በዛ። ከአጣዬ በኩል አህያ እየነዱ የሚመጡም ነበሩ። በአስፋልቱ ወደ ሰሜን የሚያልፉት ወታደሮች ከመኪናቸው እንኳ ሳይወርዱ የሜዳ ፍየሉን ይለቅሙታል። ሹፌሮች ቋንጣና ቆዳ ይገዛሉ። የመንግሥት እርሻው ደግሞ የወንዙን ዳር ግራር በዶዘር ገፍቶ ትምባሆ ተከለበት።

መጀመሪያ የጠፋው ሳላው ነው። ከዚያ የሜዳ ፍየሉ። አጋዘኑ ሸለቆ ለሸለቆ እየተደበቀ ትንሽ ቆየ። ሳይጠፋ የቀረው ከርከሮ ብቻ ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አይበላውማ። ነብሩ በቆዳው ምክንያት ካለቀ ወዲያ ከርከሮው ጠላት የለውም፤ ጭራውን እንደ እንጨት አቁሞ፣ ልጆቹን አስከትሎ፣ በጠራራ ፀሐይ ማሽላችን ውስጥ ይገባል። ባሌ የሚበላው አውሬ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ኳትኖ ባዶውን ሲመለስ፣ የማይበላው ማሳችንን ሲገለብጥ ያገኘዋል። አንጀቴ እርር ይል ነበር።

የጋሼ ልጅ ወንድ አንድ ብቻ ነው። ሴቶቹ ተድረው ሄደዋል። ልጁ ሮቢት ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ይማር ነበር። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ በየመንደሩ ተማሪ ተመደበ፤ ለእኛ መንደር እሱ ደረሰ። ሌሊት ማሽላ ስፈጭ አድሬ ትምህርቱ ላይ እንቅልፍ ሲጥለኝ፣ «እትዬ፣ ሀ ሁን ተሻገሩ፤ ለ ላይ ደርሰው ምነው ተኙ?» እያለ ሰው ፊት ያስቀኝ ነበር። እኔም ምላሴ አያርፍም፤ «አንተ የትናንት ጡት ጠቢ፣ ለ ባላውቅም ልጅ መግረፍ አውቃለሁ» እለዋለሁ። ዛሬ ይህን የምጽፍበት እጅ እሱ ያስተማረው እጅ ነው።

ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሾላው ሥር ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ ያጠናል። አመሻሹ ላይ አጋዘኖቹ ለውኃ ይወርዳሉ፤ እሱ ስለማይንቀሳቀስ ለምደውታል። ሲያልፍ በእኛ ደጅ ቆሞ ያየውን ይነግረኛል። በመጀመሪያው ዓመት «ዛሬ ከነግልገሎቻቸው ወረዱ» ይለኝ ነበር። በኋላ «ዛሬ ሴቶቹ አልመጡም» ማለት ጀመረ። መጨረሻ ላይ «ዛሬም ወንዱ ብቻውን ነው» ብቻ ሆነ። አባቱና ባሌ አዳኞች መሆናቸውን እያወቀ አንድ ቀን ክፉ ቃል ሲናገራቸው አልሰማሁም፤ ያየውን ብቻ ይናገራል። ያ ዝምታው እኔን ከስድብ በላይ ይከነክነኝ ነበር።

የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ በመጣ ጊዜ ልጁን ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ያዙት። ከሌሎች የመንደር ልጆች ጋር የማኅበሩ የእህል መጋዘን ውስጥ ዘጉበት፤ የሚወስዳቸው መኪና እስኪመጣ ነው ተባለ። እናቱ ደጃፌ ላይ መጥተው እንደ እህል ጆንያ ወደቁ። ከዚያ በፊት ለጦርነት የተወሰዱት ልጆች ከሰሜን ሲመለሱ አይተን አናውቅም። ጋሼ ግን አላለቀሱም። ቤልጅግ ጠመንጃቸውን ግድግዳው ላይ ትተው፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ባሌን አስከትለው ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሄዱ። እኔም ተከተልኩ፤ ማን ያስቀረኛል?

ሊቀመንበሩ ከሹመቱ በፊት በግ ነጋዴ ነበር። ሁለቱን ሲያይ ፊቱ በራ።

«በጥሩ ሰዓት መጣችሁ» አለ። «ከአውራጃ ትልቅ ጓድ ይመጣል። አጋዘን አምጡልኝ። ልጁን እኔ አወጣዋለሁ።»

«አጋዘን እኮ አልቋል» አለ ባሌ።

«ወንዱ አለ። ወንዙ ላይ ሰው አይቶታል። እንግዳው ሳይሄድ ከደረሰ ልጁ ከአባቱ ጋር ቤቱ ይገባል፤ ቃሌ ቃል ነው።»

ጋሼ «ኢንሻአላህ» ብቻ ብለው ወጡ። እኔ መንገድ ላይ ያን አጋዘን አሰብኩት፤ ልጁ ሲያወራልኝ የኖረውን። አሳዘነኝ ብል ውሸት ይሆናል። በዚያ ሰዓት ቆላው ውስጥ ያለ ፍጡር ሁሉ አልቆ ልጁ ቢወጣ ግድ አልነበረኝም።

ንጋት ላይ ተነሣን። በጋ ነው፤ ወንዙ ደርቆ ውኃ የቀረው በላይኛው ሸለቆ ውስጥ ባለች አንዲት ኩሬ ብቻ ነበር። የሰዎቹ ሐሳብ ከኩሬው በታች አድፍጠው ሊጠብቁ ነው። እኔ ደግሞ አህያዋን ይዤ በጀርባ ዞሬ፣ ከሸለቆው አናት ጣሳ እየመታሁ ልወርድ፤ አጋዘኑ ድምፁን ሸሽቶ ወደ እነሱ እንዲመጣ። ይህን ሥራ ድሮ ወጣቶች ይሠሩት ነበር፤ አሁን ወጣት የት አለ? ግማሹ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ግማሹ ዱር ተሸሽጓል።

ስንሄድ አንድ ነገር ከነከነኝና ጠየቅኳቸው።

«አጋዘኑ አንድ ነው። ማን ነው የሚባርከው?»

ባሌ ወደ ጋሼ አየ፤ ጋሼም ወደ ባሌ አዩ።

«ይደርሳል» አለ ባሌ።

«መጀመሪያ ይውደቅ፤ ለሱማ አንጣላም» አሉ ጋሼ፣ ፈገግ ብለው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች በዚያ ሁሉ ዘመን ይህ ጥያቄ ገጥሟቸው አያውቅም። ሁልጊዜ ሁለት ነበራ! ሁለት ሲኖር ማን ይጠይቃል? በኋላ እንደነገሩኝ ግን በሆዳቸው ሁለቱም ጨርሰውት ነበር፤ ያውም ለየብቻ። ባሌ «ልጁ የሳቸው ነው፣ ክብሩም የሳቸው ነው፤ እሳቸው ይባርካሉ» ብሏል። ጋሼ «እንግዳው የነሱ ወገን ይሆናል፤ እሱ ይባርካል» ብለዋል። አንዳቸውም ለአንዳቸው አልተናገሩም። መናገር ራሱ ቅር የሚያሰኝ መስሏቸው ነው። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም፤ መንገዱ ተለየና አህያዋን እየነዳሁ ወደ ላይ ወጣሁ።

ከሸለቆው አናት ሆኜ ስመለከት ቆላው እስከ ጫፍ ነጭ ሆኖ ደርቋል። ነፋስ የለም። ጣሳዬን እየመታሁ፣ «ሆ!» እያልኩ፣ በቁልቋሉ መሐል መውረድ ጀመርኩ። እግሬ ሥር ድንጋይ ይንሸራተታል፤ አህያዋ እየፈራች ትቆማለች። ምንም ካልወጣስ? ሌላ አዳኝ ቀድሞት ከሆነስ? መኪናው ዛሬ ቢመጣስ?

አንድ ትልቅ ቋጥኝ ስዞር ፊት ለፊቴ ቆሞ አገኘሁት። ግራጫ ነው፤ ጎኑ ላይ በኖራ የተሰመረ የመሰለ ነጭ መስመር ወርዷል። ቀንዱ እየተጠማዘዘ ከራሱ በላይ ሄዷል። ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ አየኝ። እኔም አየሁት። ወደ ላይ፣ በእኔ አጠገብ አልፎ ቢሮጥ መንገዱ ክፍት ነበር፤ አልሮጠም። ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲያየው የለመደው ከዚያ ተማሪ ነዋ! ጣሳውን በሙሉ ኃይሌ መታሁት። ዞረና ወደ ታች፣ ወደ ኩሬው ዘለለ።

አንድ ጥይት ጮኸ። ከዚያ ሌላ አልተሰማም። አህያዋን ትቼ እየተንሸራተትኩ፣ ቀሚሴ እሾህ እየነከሰው፣ ወደ ታች ሮጥኩ።

ስደርስ አጋዘኑ በጎኑ ተጋድሟል። የመቱት ጋሼ ናቸው፤ ከትከሻው በታች ነው ያገኙት። ገና ይተነፍሳል፤ ጎኑ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የኋላ እግሩ አሸዋውን ይጭራል። ባሌ ቢላዋውን መዝዞ፣ እጀታውን ወደ ጋሼ አዙሮ፣ በሁለት እጁ ያቀርብላቸዋል።

«ይባርኩ፣ ጋሼ።»

«የለም፣ አንተ ባርከው።»

«ኧረ በሞቴ! የእርስዎ ልጅ እኮ ነው።»

«ወላሂ አልነካውም። ሊቀመንበሩ የናንተ ሰው ነው፤ እንግዳውም እንደዚያው ይሆናል። እኔ ከባረክሁት አይበሉልኝም፤ ልጄም አይወጣልኝ።»

«እንግዳው እስላም ቢሆንስ? በእኔ እጅ የልጅዎ ነገር ሊበላሽ ነው? እኔ ይህን አልሸከምም።»

«እኔ እሸከመዋለሁ፤ ቁረጥ ልጄ።»

«ይባርኩ ስልዎ!»

ቢላዋው በመሐላቸው ይሄዳል፣ ይመለሳል። የዕድሜ ልክ ጨዋነታቸው ሁሉ በዚያች ቅጽበት መጣባቸው። እኔ በቁሜ ተቃጠልኩ። ነጥቄ ልቆርጠው እችል ነበር፤ በግ ይሁን ዶሮ ከታረደ ወዲያ ማወራረድ መች አቃተኝ። ግን በእኛ አገር ሴት የባረከችውን በሁለቱም ወገን የሚበላ የለም። ሁለት ወንዶች ቆመው ይግደረደራሉ፤ መቁረጥ የምትፈልገው እኔ ቢላዋ መንካት አልችልም።

«አንዳችሁ ቁረጡ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። «ሞተባችሁ እኮ!»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጎንበስ አሉ። እግሩ መጫሩን ትቷል። ጋሼ መዳፋቸውን አፍንጫው ላይ አድርገው ቆዩ። ዓይኑ ላይ ዝንብ አረፈች፤ አልጨፈነም።

«አለፈ» አሉ።

በክት ሆነ ማለት ነው። ነፍሱ ከወጣች በኋላ ቢቆረጥ በእነሱም በእኛም ሃይማኖት በክት ነው፤ ለውሻ እንጂ ለሰው አይሆንም። በዚያ ሸለቆ የመጨረሻው ወንድ አጋዘን፣ ሁለት ሰዎች «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» ሲባባሉ፣ ጥንብ ሆኖ ቀረ።

ባሌ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንቁረጠው» አለ። «ገና ትኩስ ነው፤ ደሙ ይወርዳል። ማን ያውቃል?»

«ቁረጡት!» አልኩ እኔም። «ማን አየ? እነዚያ ልጅ አፋሽ ሁላ በክት ቢበሉ ምን ይሆናሉ?»

ጋሼ አሸዋው ላይ ቁጭ እንዳሉ ቀና ብለው አዩን። ላባቸው በጢማቸው ይወርዳል።

«ሐራም ሰው አላበላም» አሉ። «ጠላቴንም ቢሆን አላበላም።»

«ልጅዎስ?» አልኳቸው። ክፉ ቃል እንደሆነ እያወቅኩ ነው የተናገርኩት።

«ልጄን አላህ ነው የሰጠኝ» አሉ። «በሱ ፊት አጭበርብሬ እንዴት መልስልኝ እለዋለሁ?»

ጠላኋቸው። ለአንድ አፍታ ከልቤ ጠላኋቸው። ወዲያው ደግሞ ላባቸውን በእጅጌያቸው ሲጠርጉ አየሁና አሳዘኑኝ፤ ዞሬ አህያዋን ፍለጋ ወጣሁ።

ሥጋውን በድንጋይና በእሾህ ከደንነው። ጅብ ሳያወጣው እንደማያድር እናውቃለን፤ ግን ዝም ብሎ ጥሎ መሄድ አስጠላን። ራሱን ከነቀንዱ ቆርጠው፣ በጆንያ ሸፍነው፣ አህያዋ ላይ ጫኑት። ቢያንስ ገድለን እንደነበር ማሳያ ይሆናል ብለው ነው። ጋሼ እውነቱን ተናግረው ሊለምኑ ቆርጠዋል።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስንደርስ እንግዳው ዛፍ ሥር ጥላ ላይ ተቀምጦ ጥሬ ሥጋ ይቆርጣል፤ በሬ ታርዷል። ለካ የሥጋ ችግር አልነበረባቸውም። ሊቀመንበሩ በዓይኑ ጠቀሰን። ጋሼ ቀርበው እጅ ነሱና፣ «ጌታዬ፣ ሳንባርከው ሞተብን። ሥጋው በክት ስለሆነ አላመጣነውም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በልጄ አታድርጉብኝ» አሉ።

እንግዳው የሰማቸው አልመሰለኝም። ዓይኑ ጆንያው ላይ ነው። ባሌ ጆንያውን ሲገልጥ ከመቀመጫው ተነሣ፣ ቀንዱን በሁለት እጁ ያዘ፣ እንደ ሕፃን ደባበሰው።

«ይህ ነው ቀንድ!» አለ። «ሥጋማ የትም አለ። ሲያምር እዩት!»

ሊቀመንበሩ «አጋዘን አምጡ» አለ እንጂ «ሥጋ» ያለው የት ነው? አውሬ የሚገደለው ለመብላት ነው ብለን የደመደምነው እኛው ነን። እዚያ አሸዋ ላይ የተግደረደሩት ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ቀንድ ነበር። ማንም ቢቆርጠው፣ ማንም ባይቆርጠው፣ ለእንግዳው ያው ነበር።

ቀንዱ ጂፑ ላይ ተጫነ። እንግዳው ሄደ። ጋሼ ወደ መጋዘኑ በር እያዩ ቆመዋል፤ ልጁ በበሩ ስንጥቅ ሲያየን ጣቶቹ ይታዩኛል። ሊቀመንበሩ እጁን እያሻሸ መጣ።

«ጎበዞች! አኮራችሁኝ። ሌላውስ?»

«የምን ሌላ?» አለ ባሌ።

«የኔ ነዋ። ይኼኛውን እሱ ወሰደው። ሁለተኛውን የት አስቀመጣችሁት?»

«ጌታዬ፣ አንድ ነው የገደልን» አሉ ጋሼ።

ሊቀመንበሩ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፤ እየቀለደ እንኳ አልነበረም።

«እናንተ? እናንተ ሁለታችሁ መቼ አንድ ይዛችሁ ተመልሳችሁ ታውቃላችሁ? አገር ያውቃችኋል እኮ! ሁለተኛውን አምጡና ልጃችሁን ውሰዱ።»

ጋሼ በቁርዓን ማሉ። ባሌ በታቦት ማለ። እኔ መሬት ላይ ወድቄ እግሩን ያዝኩ። ሰውየው አላመነንም። ለማመንም ምክንያት አልነበረውም፤ ዓመታት ሙሉ በደጁ ስናልፍ አህያችን ላይ ሁልጊዜ ሁለት ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረው ፍለጋ ፍለጋ አይባልም፤ እብደት ነው። ሁለቱ ሰዎች ጎህ ሲቀድ ወጥተው ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባሉ። እኔ ቂጣና ውኃ ይዤ እከተላለሁ። በየሸለቆው የምናገኘው ከርከሮ ብቻ ነው። ጭቃ ውስጥ ተንደላቆ ተኝቶ፣ ጭራውን አቁሞ ተነሥቶ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ እኛ እንደማንፈልገው የሚያውቅ ይመስል። ባሌ አንዴ ክላሹን አቀባብሎ በንዴት ደቀነበት። ጋሼ አፈሙዙን በእጃቸው ዝቅ አደረጉት። «ጥይት አታባክን» ነው ያሉት፤ ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም።

በመጨረሻ ከአፋር ሜዳ አፋፍ፣ ሩቅ ውኃ ላይ፣ አጋዘን አገኘን። እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየኋት። ከእሾሁ ጀርባ ቆማለች፤ ግልገሏ ከሥሯ ይጠባል። ጋሼ በሆዳቸው ተኝተው ቤልጅጉን አነጣጠሩ። ጣታቸው ምላጩ ላይ ሲሄድ አየሁ። ረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆዩ። ከዚያ ጠመንጃውን አወረዱና ግንባራቸውን ሰደፉ ላይ ደፉ።

«ቀንድ የላትም» አሉ።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ለግልገሉ ራርተው ተዋት ይላል። ርኅራኄ እንዳይመስላችሁ። ሴት አጋዘን ቀንድ አታበቅልም፤ ቀንድ የሌላት ልጃቸውን አታወጣላቸውም። ቀንድ ቢኖራት ኖሮ ከነግልገሏ ይጥሏት ነበር፤ እኔም እልል እል ነበር። ወንዷን እኛው ጨርሰንባት፣ እሷ ዝም ብላ ውኃዋን ጠጥታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አጋዘን አላየሁም።

መኪናው መጣ። ልጆቹን ከመጋዘኑ አውጥተው ጫኗቸው። ጋሼ አስፋልቱ ዳር ቆመው፣ ልጃቸው ከላይ ሆኖ ሲያያቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጉ ነበር። ልጁ እኔን አየኝና «እትዬ፣ ንባቡን እንዳይተውት!» ብሎ ጮኸ። መኪናው ወደ ሰሜን አቧራውን እያስነሣ ሄደ።

ጋሼና ባሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ አደን አልሄዱም። አልተጣሉም፤ ግን አብረው ሲቀመጡ የሚያወሩት ጠፋ። አንዱ ቡና ሲቀርብለት «ቀድመው ይጠጡ» ለማለት አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል።

ደርግ የወደቀ ጊዜ ሽንፈት የበተነው ሠራዊት በዚያው አስፋልት ከሰሜን መውረድ ጀመረ። በባዶ እግሩ፣ ደብተራ እንዳባረረው ጋኔን ዞሮ የማያይ፣ ዳቦ የሚለምን ወጣት መንገዱን ሞላው። ከነሱ መሐል አንዱ ወደ መንደራችን ታጠፈ። መጀመሪያ ያወቀችው አሮጊቷ አህያዬ ናት ብል ያስቃል፤ እኔ ግን ፊቱ አልያዝ ብሎኝ ነበር። «እትዬ፣ ለ ላይ ነዎት ወይስ ተሻገሩ?» ሲለኝ ነው ጮሄ የተጠመጠምኩበት።

በማግስቱ እኛ ግቢ ሁለት ፍየል ታሰረ፤ አንዱ ለእነሱ፣ አንዱ ለእኛ። ባሌ የእኛን ባረከ። ልጁ አጥሩ ጥግ ተቀምጦ ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ ያያል። ሾላው አለ። ግራሩ ግን የለም።

«እትዬ፣ ወንዱ አጋዘን አሁንም ይወርዳል?» አለኝ። «እዚያ በረሃ ላይ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ እሱን እያሰብኩ ነበር የምተኛው።»

ባሌ መሬት መሬት አየ። ጋሼ ግን ልጃቸውን ዋሽተውት አያውቁም።

«ገደልነው» አሉት። «አንተን እናስወጣበት ብለን።»

ልጁ አባቱን አየ፣ ባሌን አየ፣ እኔን አየ። ንዴት አልነበረበትም። እንደ ድሮው ያየውን ብቻ ይናገራል።

«እኔስ ታዲያ ለምን ሄድኩ?» አለ።

ጋሼ ቢላዋቸውን ይዘው ወደ ፍየሉ ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው አንገቱን ያዙና ሳይቆርጡ እዚያው ቀሩ። ልጁ ተነሣ። ቢላዋውን ከአባቱ እጅ ወሰደና «ቢስሚላህ» ብሎ፣ ማንንም ሳይጠብቅ፣ ቆረጠ።